መደርደሪያው የሚያረጀው መንገድ ላይ ነው

ወሩ ሊያልቅ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው የዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ሰፈሮች፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ከአፓርታማው ኋላ ካለው የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ አንድ ዓይነት ዕቃ ተደግፎ ማየት የተለመደ ነው። ነጭ መደርደሪያ። ባለቤቱ የኪራይ ውሉ አልቆ ቤት ሲለቅ ትቶት ሄዷል። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ነገሩ ግር ይላል። እርከኖቹ አልተቧጨሩም፣ ነጩ ሽፋን ገና ያብለጨልጫል፣ መጻሕፍት ለዓመታት የተቀመጡበት ቦታ ላይ ከአቧራ መስመር በቀር ምልክት የለም። የሞተው ማዕዘኑ ነው። የጎኑ ሰሌዳ ከላይኛው ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ አፉ ተቦርቡሮ እንደተበላ ጥርስ ሆኗል፤ ጣት ሲነካው ቡናማ ዱቄት ይረግፋል። ብሎኑ ራሱ አንድም ነገር አልሆነም፤ በጥርሶቹ መካከል ግን ከቀዳዳው ገንጥሎት የወጣው እንጨት ተሰግስጓል። ከጀርባ ያለው ስስ ሰሌዳ ጥቃቅን ምስማሮቹን እንደያዘ በአንድ ጎኑ ተላቆ ተንጠልጥሏል።

ይህን ዕቃ ምን ገደለው ቢባል የብዙ ሰው መልስ «ርካሽ ነዋ፣ ምን ይጠበቃል» የሚል ነው። መልሱ እውነት ቢመስልም ማስረጃው ፊት ለፊት ቆሞ ይቃወመዋል። ዕቃው በርካሽነቱ፣ በየዕለቱ አገልግሎት ብዛት አልቆ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚታየው የጎበጠና የተላጠ እርከን፣ የተፋቀ ሽፋን ነበር። ከመጻሕፍቱና ከልብሱ ጋር አንድ ግድግዳ ተደግፎ ቢቀር አሥርም አሥራ አምስትም ዓመት ባልከበደው። ያደከመው መፈታቱና መገጠሙ፣ ሳይራገፍ መገፋቱ፣ ደረጃ መውጣት መውረዱ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ተገጣጣሚ ዕቃ የሚሸጠው በዚሁ ስም መሆኑ ነው፤ ይፈታል፣ ይገጠማል፣ እንደ ቤቱ ስፋት ይጨመራል፣ ይቀነሳል ተብሎ። ዋና ገዢውም ቤት የሚቀያይር ሰው ነው። ተማሪው፣ አዲስ መጤው፣ ገና ትዳር የያዘው፣ በየዓመቱ ኪራይ የሚጨመርበት። ዕቃው አንድ ቦታ ለሚቀመጥ ሰው ተስማምቶ ተሠራ፤ የተሸጠው ግን ለተጓዡ ነው።

ለዚህ ከቢሊ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የስዊድኑ አይኪያ ይህን የመጽሐፍ መደርደሪያ ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ የነደፈው ጊሊስ ሉንድግሬን ይባላል፤ እስካሁን ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት 80 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 28 ሳንቲሜትር ጥልቀትና 202 ሳንቲሜትር ቁመት አለው። ድርጅቱ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛውን መደብር ቨርጂኒያ ውስጥ ዉድብሪጅ አካባቢ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ አካባቢ የሰፈረ ሐበሻ ሳሎኑን ሲያደራጅ በዚያ መደብር በኩል ማለፉ የተለመደ ነው። ዕቃው ከሞላ ጎደል ቺፕውድ ነው። ቺፕውድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ፣ ማክስ ሂመልሄበር በሚባል ሰው ሥራ መልክ የያዘ ነገር ነው፤ የሐሳቡ መነሻም ግንድ ሲሰነጠቅ የሚባክነውን ፍቅፋቂና ቁርጥራጭ ጥቅም ላይ ማዋል ነበር። ፍቅፋቂው በሙጫ ተለውሶ በሙቀትና በከባድ ግፊት ይጨመቃል። ከላይና ከታች ያለው ንብርብር ደቃቅና ጥብቅ ነው፤ መሐሉ ግን ሻካራና ልል። ይህች የመሐል ልልነት በኋላ ብዙ ነገር ታስረዳናለች።

መጀመሪያ ግን ቆሞ ስለሚሸከመው። በአውሮፓ የቺፕውድ ደረጃ መሠረት ለቤት ዕቃ የሚሆነው፣ ፒ2 የሚባለው፣ ከ13 እስከ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው የሚጠበቅበት የግትርነት ልክ 1600 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ተራ የግንባታ ጥድ ወደ 11,000 ይደርሳል። ስለዚህ ቺፕውድ ይጎብጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቢሊ በ80 ሳንቲሜትሩ ዓይነት ለአንድ እርከን የተፈቀደለት ጭነት 30 ኪሎ ነው። ትንሽ ወይስ ብዙ? ቢሮ ውስጥ የምናውቀው አንድ ደስጣ ወረቀት ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ውፍረቱም አምስት ሳንቲሜትር ያህል ነው። የእርከኑን ስፋት በደስጣ ብንሞላው ወደ 15 ይይዛል፤ ክብደቱም ከ35 ኪሎ ያልፋል። ልቦለድ የሚያነብ ሰው እንግዲህ ከልኩ በታች ነው፤ የመዝገበ ቃላት፣ የሕግ ጥራዝና የመጽሔት ሰብሳቢ ግን ልኩን አልፏል። ከዚያ በላይ የሚወስነው ርዝመት ነው። በአንድ እርከን ላይ ጭነቱ እኩል ከተዘረጋ ጉብጠቱ የሚያድገው በርዝመቱ አራተኛ ርቢ ነው፤ ርዝመቱን በግማሽ የቀነሰ ሰው ጉብጠቱን ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ያወርደዋል። ሱቅ ውስጥ በ40 እና በ80 ሳንቲሜትር መካከል ሲመርጥ አብዛኛው ገዢ የሚያስበው ስለ ግድግዳው ስፋት ብቻ ነው፤ ለመጻሕፍቱ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ከዚህ ላይ ጊዜ ይጨመራል። እንጨት የተጫነበትን ተሸክሞ ሲኖር ቀስ በቀስ መጉበጡን ይቀጥላል። የአውሮፓ የግንባታ ስሌት በደረቅ ክፍል ውስጥ ለሚኖር ጥድ፣ መጀመሪያ ላይ የታየው ጉብጠት በዘመን ብዛት ወደ አንድ ነጥብ ስድስት እጥፍ እንደሚደርስ ይቆጥራል፤ ሸክም እንዲችል ተጠናክሮ ለተሠራ ቺፕውድ እንኳ ከሦስት እጥፍ በላይ። ሆኖም ጉብጠት ሞት አይደለም። የቢሊ ተንቀሳቃሽ እርከኖች በአራት ትናንሽ የብረት ሹካዎች ላይ ብቻ የተጋደሙ ናቸው። ሆዱ ወደ ታች የወረደ እርከን ተገልብጦ ሲቀመጥ ያው ሸክም መልሶ ያቃናዋል። ምንም ብሎን አይነካም፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የአገልግሎት ጉዳት ዘገምተኛ ነው፣ ይታያል፣ ደግሞም ወደ ኋላ ይመለሳል።

ሌላው ምስክር ካላክስ ነው፤ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥኖቹ ውስጣቸው ወደ 33 ሳንቲሜትር ስለሆነ የሸክላ ዘፈን ሰብሳቢዎች የወደዱት። እ.ኤ.አ. በ2014 ድርጅቱ የቀድሞውን ኤክስፔዲት አንስቶ በካላክስ ሲተካ ጀርመን ውስጥ ሰብሳቢዎች ተቃውሞ አስነስተው ነበር። ለአንድ ክፍል የተፈቀደው ጭነት 13 ኪሎ ነው። አንድ ሸክላ ከነሽፋኑ ከሁለት መቶ ግራም በላይ ስለሚመዝን ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ክፍል ይህን ማለፉ አይቀርም። ይህ ዕቃ ደግሞ ውስጡ በብዛት እንደ ማር እንጀራ የተሠራ ወረቀት ነው! ሆኖም በየቤቱ ለዓመታት ቆሞ ይታያል። ልኩን ጣሱ ማለቴ አይደለም። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ሸክምን ወረቀት እንኳ እንደሚችለው ለማሳየት ነው።

የማይችለው የጎን ግፊት ነው፤ እሱም የሚመጣው ዕቃ ሲንቀሳቀስ። የዚህ ሁሉ ቤተሰብ ልብ የሆነችውን መቆለፊያ ጠጋ ብለን እንያት። በአንደኛው ሰሌዳ ገጽ ላይ የብረት ዘንግ ይታሰራል፤ በሌላው ሰሌዳ ላይ ደግሞ ሳንቲም የምታህል ክብ መቆለፊያ ትገባለች፤ በመፍቻ ግማሽ ዙር ስትዞር የዘንጉን ራስ ጎትታ ሁለቱን ሰሌዳዎች ታጣብቃለች። በስፋት የሚሠራበት መቆለፊያ 15 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይፈልጋል፤ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሰሌዳ ላይ ቀዳዳው 12 ሚሊሜትር ተኩል ይጠልቃል። ከበታቹ የሚቀረው ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ቺፕውድ ብቻ ነው። ዘንጉም የተያዘው በዚያው ፍቅፋቂ ውስጥ በተቆረጠ ጥርስ ነው። መጀመሪያ ሲገጠም ብሎኑ በጥብቁ የላይ ንብርብር በኩል አልፎ የራሱን መንገድ ይቆርጣልና በደንብ ይይዛል። ሲፈታ መንገዱ ይቀራል፤ ሲመለስ ግን የቸኮለ እጅ ብሎኑን ያንኑ መንገድ ሳያስይዝ አዲስ ይቆርጣል። ሁለት መንገድ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ተቆራርጦ መሐሉ ዱቄት ይሆናል። የቆየ አናጢ ብሎን ሲመልስ መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚያዞረው ለዚህ ነው፤ ቀጭ ብሎ አሮጌው ጥርስ ውስጥ ሲወድቅ ከዚያ ወደ ፊት ያጠብቃል። ይህን ግን የመገጠሚያ ሥዕሎቹ ላይ ያለው ፈገግተኛ ሰውዬ አይነግረንም።

ከዘንጉ ጋር የሚሠራው ሁለተኛው ተከላካይ ጀርባ ላይ ያለው ስስ ሰሌዳ ነው። ብዙ ሰው ግድግዳውን ለመሸፈን የተደረገ ጌጥ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ጊዜ ለመቆጠብ ሳያስገባው ይቀራል። እውነቱ ግን አራት ማዕዘኑ እንዳይዘምም ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። የሞላ መደርደሪያ በምንጣፍ ላይ ሲገፋ ታችኛው ጫፍ ይቀራል፣ ላይኛው ይሄዳል፤ ዕቃው እንደ ዘመመ ጎጆ ያጋድላል። ጀርባው ምስማሮቹን ያስነቅላል፣ ከዚያ ያ ሁሉ ኃይል በማዕዘኖቹ ዘንጎች ላይ ይወርዳል። አንድ መኝታ ቤት ከማቋረጥ ያነሰ መንገድ ለዓመታት የተሸከመው ሁሉ የማያደርሰውን ጉዳት ያደርሳል። ግድግዳ ላይ ያሰረው ሰው ከዚህ ይድናል፤ ማሰር ከዚህም በላይ የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል፤ መሳቢያ ባላቸው ቁም ሣጥኖች መውደቅ ሕፃናት ስለሞቱ አይኪያ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ሃያ ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ዕቃ ከገበያ ጠርቷል፤ በ2022 ማብቂያም ለመረጋጋት አስገዳጅ ደረጃ የሚያስቀምጥ ሕግ ወጥቷል። ተከራይ ግን ግድግዳ ከበሳ የመያዣ ገንዘቡ ሊቆረጥበት ስለሚችል ይፈራል። እዚህም ላይ ዕቃው የሚፈልገውና ገዢው የሚኖርበት ሁኔታ አይገናኙም።

አንድ ሰው ይህን አንብቦ «ዕቃው በቤተ ሙከራ ተፈትኗል፣ ጥፋቱ የገጣሚው ነው» ሊል ይችላል። ፍተሻው አለ፣ ቀልድም አይደለም፤ ለቤት ውስጥ ማስቀመጫ ዕቃ የወጣው የአውሮፓ ደረጃ እርከኑን ይጭናል፣ በሩንና መሳቢያውን ደጋግሞ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንዳይወድቅ ይሞክራል። እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ጊዜ የተገጠመ ዕቃ አገልግሎት ላይ ሲውል ምን ይሆናል ብለው ነው። ፈትታችሁ፣ በመኪና አንገላታችሁ፣ በሌላ መፍቻ መልሳችሁ ስትገጥሙት ምን ይሆናል የሚለው የገዢው ጥያቄ ነው፤ ከእርከን ጭነትና ከመሳቢያ ቆጠራ ለዚህ መልስ አይወጣም። ገጣሚውን መውቀስም ሩቅ አያስኬድም። ሥራውን ለገዢው እጅ ትቶ ዋጋ የቀነሰ ዕቃ፣ የገዢውን እጅ ቸልተኝነት በስሌቱ ውስጥ አስገብቶ መሠራት ነበረበት።

ውሃን ረሳህ የሚል ደግሞ ትክክል ነው፣ ይህን መቀበል አለብኝ። ከጉዞ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ ቺፕውድን የሚገድለው ውሃ ነው። ተጨምቆ የተያዘው ፍቅፋቂ ውሃ ሲያገኝ ሙጫውን እየላቀቀ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል፤ ሲደርቅ ግን አይጠፈጠፍም። ፒ2 ለደረቅ ክፍል የተወሰነ ደረጃ ስለሆነ የእብጠት ወሰን እንኳ አልተቀመጠለትም። ይህ አዲስ አበባን ይነካል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ጠባብ ክፍሎች ውስጥ የሚገባው ቁም ሣጥን፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫና የጫማ መደርደሪያ በብዛት ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ነው፤ ወለል ደግሞ እኛ ዘንድ በእርጥብ ጨርቅ የሚታበስ ብቻ ሳይሆን ውሃ ተደፍቶበት የሚታጠብ ነው። ሽፋኑ የላይኛውን ገጽ ይጠብቃል፤ መሬት የሚነካው የታች ጠርዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራቁቱን ነው። በዓመቱ ግርጌው እንደ ተነፋ ዳቦ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ በሩ መገጣጠም ያቅተዋል። መድኃኒቱ ግን ከጉዞው ይልቅ ቀላል ነው፤ ከመሬት ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ከፍ የሚያደርግ የፕላስቲክ እግር፣ ወይም ከመገጠሙ በፊት ጠርዙን ቀለም አስጠጥቶ ማድረቅ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሽማግሌዎቹ ነው፤ የዋንዛው ብፌ ሦስት ትውልድ አገልግሏል፣ ምን አመጣው ይህ ዱቄት? የዋንዛው ብፌ መቆየቱ እውነት ነው። የቆየበትን ምክንያት ግን በእንጨቱ ክቡርነት ብቻ መቁጠር ስህተት ይመስለኛል። ብፌው ከአንድ ሳሎን ወጥቶ አያውቅም፤ ሲወጣም አራት ጎረምሳ ተሸክሞት ነው፣ ሳይፈታ። ዋንዛ ራሱ በሁለት ዓመት አንዴ ቢበታተንና ቢገጠም መጋጠሚያው ይላላል። በአንጻሩ ሁላችንም ቤት ከሚገኙ ዕቃዎች መካከል ጉዞን የማይፈራ አንድ አለ፤ የእንጨት አልጋ። ራስጌውና ግርጌው ከጎኖቹ ጋር በረጃጅም ብሎንና በዳዶ ይታሰራል፤ በመፍቻ ቁልፍ ይፈታል፣ አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሊፍት ይወጣል፣ ማታውን ይተኛበታል። አሥር ጊዜም ቢፈታ ያው ነው፤ ምክንያቱም ብረት የሚይዘው ብረትን ነው፣ እንጨቱ መሐል ገብቶ ይጨመቃል እንጂ ጥርስ አይሆንም።

ይህ ምስጢር ለመደርደሪያ ሠሪዎችም አዲስ አይደለም። ዴክሲዮን የሚባለው፣ መጋዘን ውስጥ የምናየው ባለ ቀዳዳ የብረት ማዕዘን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ በዚሁ መርህ ይሠራል። ዲተር ራምስ እ.ኤ.አ. በ1960 የነደፈው ባለ 606 ቁጥሩ መደርደሪያም እርከኖቹን በፒን ብቻ ስለሚይዝ ባለቤቶቹ ከቤት ቤት ይዘውት ይዞራሉ። እሱ ውድ ነው፣ ልክ ነው። ነገር ግን አይኪያ ራሱ ኢቫር የሚባል ርካሽ የጥድ መደርደሪያ ለአሥርት ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል፤ ቋሚዎቹ ቀዳዳ አላቸው፣ እርከኖቹ በብረት ፒን ላይ ይቀመጣሉ፣ ከጀርባ ደግሞ እንዳይዘምም የብረት መስቀል ይታሰርበታል። ሲፈታ የሚበላሽ ጥርስ የለውም። ስለዚህ ርካሽ መሆንና ጉዞ መቻል አይጣሉም። የሚጣሉት ርካሽ መሆን፣ ጉዞ መቻልና ለዓይን ያለ ቀዳዳና ያለ ብሎን ልስልስ ብሎ መታየት ናቸው። ገዢው ሦስቱንም ይፈልጋል፤ ገበያው ሁለቱን ሰጥቶ ጉዞውን ቀነሰ።

ይህ ቅነሳ ሒሳብ አለው። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ቁጥር መሠረት የተጣለ የቤት ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ 2.2 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በ2018 ደግሞ 12.1 ሚሊዮን ቶን ሆነ፣ ከዚያም አምስት እጅ ቢባል አራቱ መሬት ተቀበረ። በዚያው ዘመን የሕዝቡ ቁጥር እጥፍ እንኳ አልሆነም። ቁጥሩ ሶፋውንም ፍራሹንም ሌላውንም ሁሉ የጠቀለለ ስለሆነ ሙሉውን በተገጣጣሚ ዕቃ ላይ ማላከክ አይገባም፤ ከገንዳው አጠገብ የቆመው ነጭ መደርደሪያ ግን በውስጡ እንዳለ የታወቀ ነው። ቺፕውድ ሙጫ ስላለው እንደ ተራ እንጨት እንደገና ለመጠቀም ያስቸግራል።

ድርጅቱም ነገሩ የገባው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ያገለገለ ዕቃ መልሶ የመግዛት ዘመቻ በብዙ አገሮች ሲጀምር፣ ሻጩ ዕቃውን ተገጥሞ እንዳለ እንዲያመጣው ጠየቀ። አንዱ ምክንያት እንደቆመ ለመሸጥ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የተፈታ ዕቃ ዋጋው እንደሚወርድ ከዚህ በላይ የሚመሰክር ግን አላየሁም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የቢሊ የጀርባ ሰሌዳ በምስማር መያዙ ቀርቶ ጠቅ ብሎ በሚገባ መያዣ ተተክቷል፤ ለአንዳንድ ዕቃዎችም ከመገጠሚያው ሌላ የመፍቻ መመሪያ ታትሟል። በአንዳንድ ጠረጴዛዎቹ ላይ የሚታየው፣ ያለ ብሎን በሽብልቅ የሚያዘው የእንጨት ካስማም የዚሁ አቅጣጫ ነው። ዘግይቷል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን አቅጣጫው ትክክል ነው።

አስቀድሞ ቤት የገባው በሚሊዮን የሚቆጠር ቢሊ ግን አዲሱን መያዣ አይጠብቅም። ለሱ የሚሆነው የሠፈር አናጢ ዘዴ ነው። የተቦረቦረ ቀዳዳ በእንጨት ኮላ የተነከረ ሁለት ሦስት የክብሪት እንጨት ይጠቀጠቅበታል፣ ሌሊቱን ይደርቃል፣ ጠዋት ብሎኑ ያለ ችኮላ በእጅ ይገባል። ማዕዘኑ ሁለተኛ ጊዜ ከተላቀቀ ደግሞ ሰሌዳውን በስቶ ማለፍና ከውጭ በኩል ባለ ዳዶ ብሎን መጠቀም ነው፤ ያስቀይማል፣ ይይዛል። ከሁለቱም የሚሻለው አለመፍታት ነው። ለቤት ማመላለሻ የሚከራይ ትንሽ መኪና እንኳ 202 ሳንቲሜትር የሚረዝም ዕቃ በጎኑ ለማስተኛት ይበቃል፤ ተንቀሳቃሽ እርከኖቹ ወጥተው ለብቻ ታስረው፣ ጀርባው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ መኪናው ግድግዳ ዞሮ፣ የማዕዘኖቹ መቆለፊያዎች ሳይነኩ።